ቪላና ጎተራ

አዲስ አበባ ውስጥ ደላላ «ቪላ አለኝ» ሲል ምን ማለቱ እንደ ሆነ የማይገባው ሰው የለም። የራሱ ግቢና አጥር ያለው፣ ከፊቱ መኪና የሚያስገባ የብረት በር የቆመለት፣ ከኋላው ሰርቪስ ቤቶች የተደረደሩለት ቤት ማለቱ ነው። ቃሉን ያገኘነው ከጣልያን ነው። «ካዛንቺስ» እና «ፖፖላሬ» የሚሉትም የሰፈር ስሞች የዚያው ዘመን ትራፊዎች ናቸው፤ አንደኛው ለመንግሥት ሠራተኛ፣ ሁለተኛው ለተራው ሕዝብ ከተሠሩ የኢጣሊያ ቤቶች ስም የመጡ ናቸው። «ቪላ» ግን ከሁሉም ይልቅ ተመችቶት ቀረ። የሀብታም ቤት ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ነገር ግን ቃሉ ወደኛ ሲመጣ ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። በትውልድ አገሩ ቪላ ማለት መጀመሪያ እርሻ ነው። ቤቱ የእርሻው ራስ ነው፤ እርሻው ደግሞ የቤቱ ሆድ። ጎተራ የሌለው፣ በሬ የማይገባበት፣ አውድማ የማያውቅ ቪላ ለጥንቱ የኢጣሊያ ባለ ርስት ትርጉም አልነበረውም። እኛ ራሱን ተቀብለን ሆዱን ረሳነው። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ የተረሳውን ግማሽ ማስታወስና አንድ ጥያቄ መጠየቅ ነው፦ ያን ውብ ቤት የሚቀልበው ማን ነበር?

ጥያቄውን ከቂሊንጦ ሆኖ መጠየቅ ተገቢ ነው። ቂሊንጦ በአቃቂ ቃሊቲ በኩል፣ ከተማው አልቆ ጥቁሩ መሬት የሚጀምርበት ሥፍራ ነበር። ጤፍ፣ ስንዴ፣ ሽምብራ፣ ምስርና ጓያ የሚበቅልበት፣ ክረምት እግር ውጦ የማይለቅ፣ በጋ ተሰነጣጥቆ አፉን የሚከፍት አፈር ነው። ዛሬ በዚያው አፈር ላይ ኮንዶሚኒየም፣ ማረሚያ ቤት፣ የኢንዱስትሪ ፓርክና ዩኒቨርሲቲ ቆመውበታል። እርሻ ወደ ቤትነት ሲለወጥ በዓይን የሚታይበት ሥፍራ ቢኖር ይኸው ነው። ስለ ቪላ ለማሰብ ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

እስቲ ከሥሩ እንጀምር። የጥንት ሮማውያን ቪላን በሁለት ይከፍሉት ነበር፤ ጌታው የሚያርፍበት ክፍልና የእርሻው ሥራ የሚሠራበት ክፍል። ወይኑ ይጠመቃል፣ ዘይቱ ይጨመቃል፣ እህሉ ይከማቻል። ሥራውን የሚሠሩት በብዛት ባሮች ነበሩ። ቫሮ የተባለው ሮማዊ ሊቅ ስለ እርሻ በጻፈው መጽሐፍ የእርሻ መሣሪያዎችን በሦስት መደባቸው፤ ድዳዎቹ እንደ ጋሪ ያሉት ናቸው፣ በከፊል ድምፅ ያላቸው በሬዎች ናቸው፣ የሚናገሩት ደግሞ ባሮች ናቸው። ሰውየው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ የንብረት ዝርዝር መያዙ ነበር። የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። ሰውን ከጋሪ ጋር አንድ መዝገብ ላይ ለማስፈር ጭካኔ እንኳ አላስፈለገም።

ሮማ ከወደቀች ከሺ ዓመት በኋላ ቪላ በሰሜን ኢጣሊያ፣ ቬኔቶ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ እንደ ገና አበበ። ነገሩ የኢኮኖሚ ጉዳይ ነው። የቬኒስ መኳንንት ሀብታቸውን ያካበቱት በባሕር ንግድ ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የባሕሩ ንግድ ተፎካካሪ ሲበዛበትና የእህል ዋጋ ሲወደድ ዓይናቸውን ወደ መሬት መለሱ። እ.ኤ.አ. በ1556 የቬኒስ መንግሥት ያልታረሰውን መሬት የሚያለማ፣ ረግረጉን የሚያደርቅና ቦዩን የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አቋቋመ። ነጋዴው ባለ ርስት ሆነ። ባለ ርስት ከሆነ ደግሞ እርሻው ላይ የሚቀመጥበት ቤት ያስፈልገዋል።

ቤቱን የነደፈላቸው ሰው አንድሬያ ፓላዲዮ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1508 ፓዱዋ ከተማ ተወለደ። አባቱ ወፍጮ ቤት ይሠራ የነበረ ድኻ ነው፤ እሱም በልጅነቱ ለድንጋይ ጠራቢነት ሙያ ተሰጠ። የወፍጮ ቤቱ ልጅ አድጎ የዓለምን የሕንፃ ጥበብ ለወጠ። እ.ኤ.አ. በ1570 ስለ ሕንፃ ሥራ ያሳተመው ባለ አራት ክፍል መጽሐፍ በየአገሩ ተባዛ፤ ሥልቱም ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ድረስ ደረሰ። የነፃነቱን መግለጫ የጻፈው ቶማስ ጄፈርሰን ሞንቲቼሎ የተባለ ቤቱን በቨርጂኒያ ኮረብታ ላይ ያነጸው የፓላዲዮን መጽሐፍ እያየ ነው። እርሻውን ያርሱለት የነበሩት ግን ባሮች ነበሩ። የሮማው ዝርዝር ከሕንፃው ጥበብ ጋር አብሮ ተሻገረ ማለት ነው።

ከፓላዲዮ ሥራዎች አንዱን፣ ፋንሶሎ በምትባል መንደር ያለውን ቪላ ኤሞን፣ እንመልከት። የተሠራው በ1550ዎቹ መጨረሻ ግድም ለኤሞ ቤተሰብ ነው። መካከል ላይ የጌታው መኖሪያ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ ወደ እሱ የሚያወጣው ሰፊ ተዳፋት የድንጋይ መንገድ ነው። ከግራና ከቀኝ እንደ ተዘረጉ ክንፎች፣ ረዣዥም ባለ ቅስት ሕንፃዎች ይታያሉ። እነዚህ ክንፎች ለጌጥ የተሠሩ አይደሉም፤ የእህል ማከማቻ፣ የዕቃ ቤትና የከብት ማደሪያ ነበሩ። በጫፎቻቸው የርግብ ቤቶች ቆመዋል። የፓላዲዮ ምክር ግልጽ ነው፤ ጌታው ዝናብ ሳይመታውና ፀሐይ ሳያገኘው በጥላ ሥር እየተዘዋወረ ንብረቱን ማየት አለበት። ውስጡ ዜሎቲ በተባለ ሠዓሊ ሥዕሎች ያጌጠ ሲሆን፣ ከተሣሉት አማልክት መካከል የእህል አምላክ የምትባለው ቼሬስ አለችበት።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ከእኛ አገር ጋር አስተያየው። የባላባት ግቢ ምንድን ነው? እልፍኝና አዳራሽ፣ ማድ ቤት፣ ጋጣ፣ ጎተራ፣ አጥር። ልዩነቱ የፓላዲዮ ጎተራ ተደብቆ አለመቀመጡ ነው። ከጌታው ሳሎን ጋር በአንድ መስመር፣ በአንድ ቅስት፣ በአንድ ክብር ተሠርቷል። በእኔ አስተያየት የቪላው ውበት ምሥጢር እዚህ ላይ ነው። ሆዱን አላፈረበትም። ያፈረበት ነገር ቢኖር እጁን ነው፤ የአራሹን ቤት ማለቴ ነው። ያ ጎጆ በሥዕሉም ውስጥ በክንፉም ላይ የለም።

አራሹስ እንዴት ይኖር ነበር? በመካከለኛውና በሰሜን ኢጣሊያ ለብዙ መቶ ዓመታት የጸናው አንዱ ሥርዓት እኛ «የእኩል» የምንለው ነው። መሬቱ የጌታው፣ ጉልበቱ የገበሬው፤ ምርቱ ለሁለት። ነገር ግን እኩል ማለት በቃል ነው እንጂ መቼ እኩል ሆኖ! ከምርቱ በላይ ዶሮና እንቁላል በየበዓሉ ወደ ጌታው ቤት ይሄዳል። የእኛ ጭሰኛ «መተያያ» እያለ ማርና በግ ይዞ እንደሚጓዘው ማለት ነው። በብዙ ቦታ የአራሹ ልጅ ለማግባት እንኳ የባለ መሬቱን ፈቃድ ይጠይቅ ነበር። የእኛው እርቦ፣ ሲሶና እኩል ስሙ ተለውጦ እዚያም ነበር።

ከዚያ በቆሎ መጣ። በቆሎ ከአሜሪካ ተነሥቶ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ቬኔቶ ሲገባ ጣልያኖች «የቱርክ እህል» አሉት፤ እኛ ደግሞ «የባሕር ማሽላ» አልነው። ሁለቱም ሕዝብ እንግድነቱን በስሙ መዝግቦታል። በቆሎ ብዙ ይሰጣል፤ ስለዚህ ስንዴው ለጌታውና ለገበያ፣ በቆሎው ለአራሹ ሆነ። የቬኔቶ ገበሬ ጠዋትም ማታም የበቆሎ ገንፎ በላተኛ ሆኖ ቀረ። በ18ኛውና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ፔላግራ የሚባል በሽታ በላዩ ወረደ፤ ቆዳ ይላጣል፣ ሆድ ይታወካል፣ በመጨረሻም አእምሮ ይናወጣል። ምክንያቱ በቆሎ ብቻውን ሲበላ ሰውነት የሚፈልገውን አንድ ቪታሚን አለመስጠቱ ነው። በቆሎን በኖራ ውሃ ቀቅለው የሚያዘጋጁት የሜክሲኮ ሕዝቦች ግን አይታመሙም ነበር። እህሉ ባሕር ሲሻገር ዕውቀቱ እዚያው ቀረ። እኛም ይህን ዓይነት ነገር እናውቀዋለን፤ በክፉ ዘመን ጓያ ብቻውን ሲበላ እግር የሚያሽመደምደው ስንቱን ነው! የድኻ በሽታ ስሙ ይለያይ እንጂ ሥሩ አንድ ነው፤ ከአንድ እህል በቀር የሚበላው አለማግኘት።

በቪላው ግድግዳ ላይ የእህል አምላክ ፈገግ ብላ ሳለች፣ ከግድግዳው ውጪ አራሹ በእህል ይታመም ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1876 እስከ 1915 ድረስ 14 ሚሊዮን ያህል ጣልያኖች አገራቸውን ጥለው ሄዱ። ከቬኔቶ የወጣው ሕዝብ ብዛት እጅግ ከፍተኛ ሲሆን፣ ብዙው ወደ ብራዚል ነጐደ።

የእኛ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው። የኢጣሊያ ገዢዎች መሬት አጥቶ ለሚሰደደው ገበሬያቸው ሁለት መንገድ ነበራቸው። አንዱ የባለ ርስቱን መሬት ማካፈል ነው። ሁለተኛው የሌላ ሕዝብ መሬት መውሰድ ነው። ሁለተኛው ቀለላቸው።

የመጀመሪያው ሙከራ በኤርትራ ደጋ ተደረገ። ሌዎፖልዶ ፍራንኬቲ የተባለ የፓርላማ አባል ጣልያናውያን ገበሬዎችን በባሕር ማዶ ባለ መሬት የማድረግ ዕቅድ አወጣ፤ ጥቂት ቤተሰቦችም ጐዶፈላሲ ላይ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. ከ1893 እስከ 1895 ባሉት ዓመታት ከ400 ሺ ሄክታር በላይ መሬት ከሕዝቡ ተወሰደ። የአካለ ጉዛዩ ደጃዝማች ባሕታ ሐጐስ ቀድሞ የጣልያን ወዳጅ የነበረ ሰው ነው፤ በታኅሣሥ 1887 ዓ.ም. ግን ሰገነይቲ ላይ ሸፈተ። ካመፀባቸው ምክንያቶች ዋናው የመሬቱ መወሰድ ነበር። በዚያው ወር ሐላይ ላይ ሞተ። ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጦርነቱ እየሰፋ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ አበቃ። ስለ ዓድዋ ስንናገር የውጫሌን አንቀጽ 17 አንረሳም፤ ይገባልም። የገበሬውን ማሳ ግን ዘወትር እንረሳዋለን።

ሁለተኛው ሙከራ የፋሺስት ነው። ሙሶሊኒ በሮም ደቡብ ያለውን የፖንቲን ረግረግ አስደርቆ እ.ኤ.አ. በ1932 ሊቶሪያ የተባለች አዲስ ከተማ አስመረቀ። ሥራውን የመራው የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር የሚባለው ድርጅት ነው። እዚያ ከሰፈሩት ቤተሰቦች የሚበዙት ከቬኔቶና ከአካባቢው የመጡ ድኾች ነበሩ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ሲገባ ይኸው ማኅበር ተከትሎ መጣ። ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ሆለታና ቢሾፍቱ ላይ የሰፈራ እርሻዎች አቋቋመ። የቢሾፍቱ ሰፋሪ የተጓዘበትና ዕቃው የተጫነበት ሐዲድ አቃቂን አቋርጦ፣ በዱከም በኩል የሚያልፈው ሐዲድ ነው። የዛሬው ቂሊንጦ አጠገብ ማለት ነው።

በ1930 ዓ.ም. ደግሞ ሦስት የሰፈራ ድርጅቶች በየክፍለ ሀገራቸው ስም ተቋቋሙ። ፑሊያ ወደ ጨርጨር፣ ሮማኛ ወደ ወገራ፣ ቬኔቶ ወደ ጅማ አካባቢ ተመደቡ። አንባቢ ሆይ፣ ስሞቹን ልብ በል። ፑሊያ ማለት መሬት የሌለው ወዛደር ጎሕ ሳይቀድ አደባባይ ወጥቶ የዕለት ሥራ የሚለምንበት የትላልቅ ርስቶች አገር ነው። ሮማኛ የእኩል አራሾችና የቀን ሠራተኞች አገር ነው። ቬኔቶ ደግሞ የፓላዲዮ ቪላዎች አገር ነው። እነዚያ ቪላዎች ለአራት መቶ ዓመት ሲያፈሱት የኖሩት ድኻ ነው ጅማ ላይ «አንተም ጌታ ትሆናለህ» የተባለው። በአገሩ መሬት ቢጠይቅ ዱላ ይቀምሳል፤ በእኛ አገር ግን መሬት በስጦታ ይቀርብለታል። ሰጪው የሰጠው የራሱን አልነበረም።

የተሰጠው መሬትስ ባዶ ነበረ? በፕሮፓጋንዳው አዎ። ባለ ሥልጣኖቹ የቤተ መንግሥቱንና ጫካ የገቡትን መኳንንት መሬት «ወርሰናል» አሉ። በወረቀት ላይ ባለቤቱ ንጉሥ ወይም ራስ ይሁን እንጂ፣ መሬቱ ላይ የሚያርስ ሰው ነበረ። ከጌታ ወደ ጌታ ሲተላለፍ አራሹ አብሮ እንደ ዕቃ ተቈጠረ፤ ወይ ተነሣ ተባለ፣ ወይ በገዛ ቀዬው የቀን ሠራተኛ ሆነ። ጋሪ፣ በሬ፣ ሰው፤ የቫሮ ዝርዝር ቢሾፍቱ ድረስ መጣ።

ዕቅዱ ግን አልሠመረም። ፕሮፓጋንዳው በሚሊዮን ሲያወራ፣ በማኅበሮቹ አማካይነት መሬት ላይ የተተከሉት የገበሬ ቤተሰቦች በመቶ የሚቈጠሩ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ነው። አንደኛ፣ አርበኛው ገጠሩን አላስተኛም፤ ሰፋሪው ከምሽጉ ርቆ መኖር አይችልም። ሁለተኛ፣ ገበሬያችን ሊሬውን አላመነውም፤ የማርያ ትሬዛን ጠገራ ብር ካላየ እህሉን አያወጣም። ሦስተኛ፣ የመንገዱ ሥራ የተሻለ ስለሚከፍል ጉልበቱ ከእርሻው ሸሸ። ውጤቱ አሳፋሪ ሆነ፤ የኢጣሊያ ጎተራ ትሆናለች የተባለችው አገር ስንዴ ከውጭ እየተጫነላት መኖር ጀመረች። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይሏል ይህ ነው።

ፍርዱ ግን ለሁሉም አንድ መሆን የለበትም። ወራሪውና የተላከው ድኻ አንድ አይደሉም። እንዲያውም ከኢጣሊያ ወዛደሮች መካከል ነገሩ የገባቸው ነበሩ። ኢሊዮ ባሮንቲኒ፣ አንቶን ኡክማርና ብሩኖ ሮላ የተባሉ ፀረ ፋሺስቶች ከ1931 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሱዳን በኩል ጎጃም ገብተው ከአርበኞቻችን ጎን ቆመዋል። በሐዋርያት ስም፣ ጳውሎስ፣ ዮሐንስና ጴጥሮስ ተብለው ይጠሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች የገበሬው ጠላት ሌላ ገበሬ አለመሆኑን ያወቁ ናቸው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ ተመለሱ። አብዛኛው የኢጣሊያ ሰፋሪ በእንግሊዞች ትእዛዝ አገሩን ለቀቀ፤ ሴቶች፣ ሕፃናትና አረጋውያን እ.ኤ.አ. በ1942 እና በ1943 በትላልቅ ነጫጭ መርከቦች አፍሪካን በደቡብ ዞረው ተመለሱ። ቪላ የሚለው ቃልና ቤቱ ቀሩልን። መሬቱስ? መሬቱ ወደ ጌቶቹ እንጂ ወደ አራሹ አልተመለሰም። እርቦ፣ ሲሶና እኩል እንደ ነበሩ ቀጠሉ። ጭሰኛው ጠላትን ለማባረር ደሙን ከፈለ፤ ሰላም ሲመጣ ደግሞ ኪራዩን መክፈል ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም የጊዜ መገጣጠም አለ። የኢጣሊያ ፓርላማ አዲስ የእኩል ውል እንዳይፈረም የሚከለክለውን ሕግ ያወጣው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1964 ነው። በእኛ አቈጣጠር መስከረም 1957 መሆኑ ነው። በዚያው ዓመት፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። የፓላዲዮ አገር አራሽና የእኛ ጭሰኛ ጉዳይ በአንድ ዓመት ውስጥ ተሰማ። ልዩነቱ እዚያ ሕግ ሆነ፤ እዚህ የመሬት ኪራዩ ረቂቅ ሕግ ፓርላማ ውስጥ ሲንከባለል ቀረና ነገሩ በአብዮት ተፈታ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው አዋጅ ቁጥር 31 የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ ጭሰኝነት ቀረ። በሐምሌ ወር ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። ጎተራውና ቪላው በአምስት ወር ልዩነት ተራ በተራ ተነኩ።

ታዲያ ጭሰኝነት ከቀረ፣ የቪላው ጥያቄ አብሮ ቀረ? አይመስለኝም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ ገበሬው ያለ አግባብ እንዳይነቀልም መብት ይሰጠዋል። ለሕዝብ ጥቅም ሲባል መሬት ሲወሰድ ካሣ እንዲከፈል የ1997ቱ አዋጅ፣ በኋላም እሱን የተካው የ2011ዱ አዋጅ ደንግገዋል። ሆኖም ካሣ በዋናነት የሚሰላው ምርትን ቈጥሮ ነው። ማሳ ግን ምርት ብቻ አይደለም። የዘር ዕውቀት፣ የደቦ ጐረቤት፣ የዕድርተኛ ቅርበት፣ የልጅ ተስፋም ነው። ይህን በሄክታር የሚመትር መሐንዲስ እስካሁን አላየሁም።

ከተማ አይሥራ፣ ቤት አይቈም የሚል የለም። ኮንዶሚኒየሙ ውስጥ የሚኖረውም ቢሆን ለብዙ ዓመት በኪራይ ሲንከራተት የኖረ ሰው ነው፤ እሱም ተራው ደርሶት ነው። ችግሩ ቤቱ ሲሠራ ጎተራው ስለሚረሳ ነው። ፓላዲዮ ቢያንስ ጎተራውን ከሳሎኑ ጋር አጣምሮ ሣለው። እኛ ግን ማሳውን ከካርታው ላይ ፍቀን፣ በምትኩ የብሎክ ቁጥር እንጽፍበታለን።

የሥነ ሰብእና የታሪክ ተማሪዎች ለሆንን የሚቀርልን አንድ ሥራ አለ። ዛሬ ከፓላዲዮ የቬኔቶ ቪላዎች ብዙዎቹ በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል፤ ባለ ርስቶቹ ለግብር ብለው ያስመዘገቡት ማሳና ገቢ ቬኒስ ከተማ ባለው ቤተ መዛግብት ይገኛል። ተመራማሪ ገልጦ ማን ስንት ማሳ እንደ ነበረው ያነባል። የቂሊንጦ አውድማ ግን መዝገብ የለውም። መዝገቡ ያለው በሽማግሌዎቹ አፍ ላይ ነው፤ የትኛው ብሎክ በማን ማሳ ላይ እንደ ቆመ፣ የትኛው መንገድ የከብት መውረጃ እንደ ነበረ፣ ያ ማሳ በኦሮምኛ ምን ይባል እንደ ነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እነዚህ ስሞች በየትኛውም የሊዝ ሰነድ ላይ አልሰፈሩም።

ደብተርና እርሳስ ይበቃል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሁለት ሆነን ብንወጣ፣ አንዳችን ኦሮምኛ የሚችል ቢሆን፣ በአንድ ሴሚስተር የብዙ ማሳዎችን ስም መሰብሰብ እንችላለን። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጊዜ የላቸውም።